አማቴ ከባሻ መሸሻ ጋር የታሰሩበት ቀን

ቀጨኔ ውስጥ አማቴን ወይዘሮ ታየችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ግማሹ በድስታቸው ያውቃቸዋል፤ ግማሹ በምላሳቸው። እኔ በሁለቱም አውቃቸዋለሁ። ልጃቸውን ዓለምፀሐይን ካገባሁበት ቀን ጀምሮ ከድስታቸው ስበላ፣ ከአንደበታቸው ደግሞ ስገሠጽ ኖሬያለሁ። ሸማኔ በመሆኔ ይንቁኝ ነበር። “ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠህ እግርህን ታወዛውዛለህ፤ ይኼም ሥራ ተብሎ!” ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው ግማሽ ዕድሜያቸውን ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አፈር ሲቆፍሩ መኖራቸውን ላስታውሳቸው እፈልግና፣ ዓይናቸውን ሳይ እተወዋለሁ።

ባላቸው የሞቱት ዓለምፀሐይ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ሌላ ባል አላገቡም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቃቸው፣ “አፈሩ ይበቃኛል፤ እሱ ሲያስቸግረኝ ውሃ እጨምርበታለሁ” አሉኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣታቸው እንደ ሥር የጠነከረ ሴት ነበሩ። ሲስቁ ግን ልጅ ይመስላሉ፤ የሚስቁትም ብዙ ጊዜ በእኔ ነው።

አፈሩ የሚወጣው ከመድኃኔ ዓለም በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ሥር ካለ ጉድጓድ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ልጅ ከእናት እየተቀበሉ ከዚያው ሲቆፍሩ ኖረዋል። የእገሌ ነው የሚል ሰው ተነሥቶ አያውቅም። ማን ይነሣል? ሰው ድስታችንን ይፈልጋል፤ እጃችንን ግን ይጸየፋል። ዓይናቸው ይበላል እያለ ከደጃፉ አያሳልፈንም። ገንቦ የተሸከመች ሴት ከበር ውጭ ቆማ “ቤቶች!” ትላለች፤ ገንቦው ይገባል፣ እሷ ትመለሳለች። ይኼን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። አማቴ ግን ስለዚህ ነገር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሲያዝ፣ ያ ጉድጓድ ታጠረ። ያጠረው የሠፈራችን ሹም ባሻ መሸሻ ነው። ከጣሊያን በፊት ማንም ልብ የማይለው ሰው ነበር። “ባሻ” የሚለውን ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርሰውን አረንጓዴ ካፖርት የሰጡት ግን እነሱ ናቸው። በዚያ የበጋ ፀሐይ ካፖርቱን አያወልቅም ነበር፤ ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ እያየን እንስቅበት ነበር። አንቱ ማለቱ አይሆንልኝም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ለጦሩ ካምፕ ጡብ የሚሠራ አንድ ጣሊያን አፈሩን ወዶት ኖሮ፣ መሸሻ ሊያስደስተው ብሎ ጉድጓዱን በግንድና በእሾህ ሽቦ ዙሪያውን ዘጋው።

ይኼ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን የዓመት እንጀራ ነው። ለፋሲካ አዲስ ድስት የማይገዛ ቤት የለም። ሸክላ ሠሪዋ በሁዳዴ ቆፍራ፣ ሠርታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ለፋሲካ ገበያ ካላደረሰች፣ ክረምቱ ይገባባታል። በክረምት ደግሞ አፈር አይደርቅም፤ ልጆች ናቸው የሚደርቁት።

አማቴ የሰሙ ዕለት ነጠላቸውን አገልድመው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። መሸሻ ካፖርቱን ለብሶ አጥሩ አጠገብ ቆሟል።

“በሕግ አምላክ!” አሉ አማቴ።

በአገራችን ይኼ ቃል ሲባል ሰው ይቆማል። ሌባም ቢሆን ይቆማል፤ ዱላ ያነሣም እጁን ያወርዳል። ማን እንዳስተማረን አናውቅም፤ አብሮን ያደገ ነገር ነው። መሸሻ ግን ሳቀ።

“ያ ሕግ ከንጉሡ ጋር ባቡር ተሳፍሮ ሄዷል፣ ታየች” አላቸው።

አማቴ መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አዘንኩ፤ አፈርኩም።

በማግስቱ አማቴ ሸክላ ሠሪዎቹን አስከትለው ወደ ዳኛው ሄዱ፤ እኔም አብሬ። ጣሊያኖች የአገሬው ሰው እርስ በርሱ የሚጣላበትን ጉዳይ ለአገሬው ዳኛ ትተውለት ነበር፤ የጉለሌው ዳኛ ግራዝማች ቶለሳ ነበሩ። ያደጉት እዚያው ጋራው ላይ ነው። አንዱን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በአማርኛ እየጠየቁ፣ ከትልቅ ጽድ ሥር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ሰው ግን ብዙም አያከብራቸውም ነበር። የጣሊያን ዳኛ ይላቸዋል። እኔም እል ነበር።

ግራዝማች መሸሻን አስጠሩት፤ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ሽማግሌዎች ተጠየቁ፤ ጉድጓዱ የማን እንደነበረ ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ። መሸሻ “መሬቱ የመንግሥት ነው” ብሎ ተከራከረ። ግራዝማች እስከ መጨረሻው ሰሙትና ፈረዱ፤ አፈሩ የሸክላ ሠሪዎቹ ነው፣ ባሻ መሸሻም ያጠረውን አጥር በገዛ እጁ ይንቀል አሉ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

መሸሻ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተ። “ፍርዱን ሰምቻለሁ” አለ። “በዚህ ሠፈር ፍርድ የሚያስፈጽም ደግሞ ሹሙ ነው። ሹሙ እኔ ነኝ። ሲመቸኝ አስፈጽማለሁ።” ብሎ ሄደ። እልልታው ከሴቶቹ አፍ ሳይወጣ ቀረ።

አማቴ ወደ ዳኛው ጠጋ አሉ።

“ግራዝማች፣ አጥሩን እርስዎ አይነቅሉትም?”

“አልነቅልም፣ ታየች።”

“ፈርተው ነው?”

ግራዝማች አልተቆጡም።

“መፍራቱንስ እፈራለሁ፤ ልጆች አሉኝ” አሉ። “ባልፈራም ግን አልነቅልም። ዛሬ ፈርጄ አጥር ከነቀልኩ፣ ነገ ተሳስቼ የፈረድኩ ዕለት ቤትሽን አፈርሳለሁ። ያን ጊዜ ‘ቆይ እንጂ’ የሚለኝ ማን ነው? እኔ የምናገር ነኝ። የሚሠራው ሌላ ሰው ነው መሆን ያለበት።”

“የሚሠራው ሰው እንቢ ካለስ?”

ግራዝማች መሬት መሬት አዩ። “እሱን አላውቅም” አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግራዝማችን ስሰድብ ነው የሄድኩት። ፈሪ አልኳቸው፣ የጣሊያን ጌጥ አልኳቸው። አማቴ በር ላይ ስንደርስ ብቻ ዘወር ብለው፣ “ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ” አሉኝ።

ቀናት አለፉ። ጡብ ሠሪው ሠራተኛ ሊያመጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። አማቴ ሥራ ፈትተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ። ልብ ብዬ ስመለከት ግን ሰዉን አልነበረም የሚያዩት፤ የሰዉን ልብስ ነበር።

መሸሻ አንድ ነገር አለበት፤ ጾም ይወዳል። እውነተኛ ጾመኛ ይሁን ወይ ለመታየት፣ እግዚአብሔር ይወቀው። በሁዳዴ ከቅዳሴ አይቀርም። ከመድኃኔ ዓለም ቅጽር ደግሞ በጣሊያን ካፖርት አይገባም፤ ቄሶቹም ሕዝቡም አይወዱለትም። ስለዚህ ካፖርቱን ለሚስቱ ትቶ፣ ኩታውን መስቀለኛ አጣፍቶ ይመጣል።

በአንድ ረቡዕ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ሕዝቡ በባዶ ሆዱ እየወጣ ነው። መሸሻ ከቅጽሩ ደጃፍ ሲደርስ እንደ ሁላችንም በሩን ሊሳለም ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ የኩታው ጫፍ ወደ ጎን ተንዠረገገ። አማቴ አጠገቡ ነበሩ። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከኩታው ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠሩት፤ በጥርሳቸውም ሳቡት። መሸሻ ቀና ሲል ኩታው ያዘው።

አማቴ አልጮኹም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “በሕግ አምላክ፣ ባሻ። ፍርዱ እስኪፈጸም ድረስ ቁራኛዬ ነዎት” አሉት።

መሸሻም ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ እየተቆጣ ነው፣ አፉም ሊናገር ተከፍቷል፤ እግሩ ግን ቆሟል። ልብሱ ከልብስ ጋር የተቋጠረ ባለጋራ ቋጠሮውን አይፈታም፤ የሚፈታው ዳኛ ነው። ጥሎ የሚሄድ ሰው ከቁራኛ የሸሸ ይባላል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ዋስ የሚሆነው አይገኝም፤ ከቤቱም የሚጋባ የለም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ነገሩ የቀረ መስሎን ነበር። የደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ ካፖርቱ ደግሞ ቤት ነው።

“ፍቺኝ” አለ መሸሻ በጥርሱ።

“እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?” አሉ አማቴ።

መሸሻ ወደ ቤቱ መራመድ ጀመረ፤ አማቴም አብረውት። እኔና ዓለምፀሐይ ከኋላ። እንዲህ ያለ ሰልፍ ቀጨኔ አይታ አታውቅም። እሱ ቢፈጥን እሳቸው ይጎተታሉ፤ እሳቸው ቢቆሙ ኩታው ከትከሻው ይንሸራተታል። አንድ ውሻ እንኳ ግራ ገብቶት እየጮኸ ተከተለን።

ከቤቱ ስንደርስ ሚስቱ በሩን ከፈተች። ባሏን አየች፣ ቋጠሮውን አየች፣ አማቴን አየች።

“እሷን ይዘህ እንዳትገባ!” አለችና በሩን ዘጋችው።

መሸሻ ከገዛ ደጃፉ ቆመ። ትንሽ አንኳኳ፤ አልተከፈተለትም። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኛ ሁልጊዜ ከምንቆምበት ቦታ ነው የተቀመጠው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ፊቱን ሳየው ደግሞ አሳዘነኝ። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

“እኛ ቤት ሽሮ አለ” አሉ አማቴ።

“እኔ ከእናንተ ቤት...” አለና ሳይጨርሰው ቀረ። ሆዱ ጮኸ፤ ሁላችንም ሰማነው።

እኛ ቤት መጣ። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ከዓለምፀሐይ እጅ ታጥቦ፣ ከእኛ ገበታ በላ። መጀመሪያ በሁለት ጣቱ እየቆነጠረ፣ ኋላ ላይ ግን እንደ ሰው። አማቴ ቋጠሮው እንዳይጎትተው ቀኝ እጃቸውን ወደ እሱ አስጠግተው በግራቸው በሉ። በልቶም ምንም አልሆነ። ዓይናችን አልበላውም፤ እሱ ነው ሽሯችንን የጨረሰው።

ገና እጁን ሳይታጠብ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ መጣ። ካፒቴኑ ይፈልግሃል አለው። ይኼ ጣሊያናዊ ካፒቴን የየሠፈሩ ሹሞች ሁሉ አለቃ ነው። መሸሻ ብቻውን መሄድ አይችልም፤ አማቴም ሄዱ፤ እኔም እስከ በሩ ተከተልኩ። አማቴ አንድ ነገር ቢሉ እስር ቤት እንደሚቀሩ ያውቃሉ። ሆኖም ገቡ።

ካፒቴኑ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ሁለቱን አየ፤ ቋጠሮውንም አየ። አስተርጓሚው ነገሩን ሲያስረዳው ሳቀ፤ ዓይኑን በመሐረብ እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ መቀስ አወጣ። አስተርጓሚው መቀሱን ተቀብሎ ወደ ቋጠሮው ተጠጋ።

መሸሻ ቋጠሮውን ነጥቆ ከደረቱ ለጠፈው። “አይቆረጥም!” አለ።

አማቴ ደንግጠው አዩት። እኔም በበሩ ደንግጬ አየሁት።

ካፒቴኑ መሳቁን አቆመ። አስተርጓሚው “ለምን ይልሃል” አለው።

“ልጄን ከፋሲካ በኋላ ልድራት ነው” አለ መሸሻ። “ከቁራኛ የሸሸ ሰው ልጅ ማን ያገባል? አማቾቼ በነጋታው ነው ጋብቻውን የሚያፈርሱት።”

“የሾምኩህ እኔ ነኝ ይልሃል።”

“ሹመቱን ሰጥተውኛል። ስሜን ግን እሳቸው አልሰጡኝም፤ ሊመልሱልኝም አይችሉም።”

አስተርጓሚው ይኼን እንዳለ ይተርጉመው አይተርጉመው አላውቅም። ካፒቴኑ ተናደደ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና ሁለቱን አየ። በስተመጨረሻ አስተርጓሚው እንዲህ አለ፦ “ከሴት ጋር ተቋጥሮ የሚሄድ ሹም በሮማ መንግሥት አልታየም ይላል። ነገ ጠዋት ተፈትተህ ካልመጣህ ሌላ ሹም ይሾማል። እንዴት እንደምትፈታ የራስህ ጉዳይ ነው። ጡብ ሠሪው ሌላ ቦታ ይቆፍር፤ ጋራው ሁሉ አፈር ነው ይላል።”

ለፍትሕ ብሎ አይደለም። ሰውዬው ሰልችቶት ነው። እኛ ግን ምን ገዶን!

በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። መሸሻ የመጀመሪያውን ግንድ ያዘ፤ ነቀነቀው፤ ነቀለው። ወደ ሁለተኛው ሲሄድ አማቴም ሄዱ። እኔ ላግዝ ብል አማቴ ተቆጡኝ፤ “በገዛ እጁ ነው የተባለው!” አሉ። ግን እሾህ ሽቦው መዳፉን ሲልጠው ወደ እሱ ጠጋ ብለው ሽቦውን በእጃቸው ያዙለት፤ ያን ጊዜ “እርስዎ አይታገዝም አላሉም እንዴ?” አልኳቸው። “ኩታው እንዳይቀደድ ነው” አሉኝ። አጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ ሁለቱም አፈር መሰሉ። ማን ሹም እንደሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው አይለየውም ነበር።

ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል ስታዘቀዝቅ ግራዝማች ቶለሳ መጡ፤ ዓለምፀሐይ ናት ሄዳ የጠራቻቸው። ማንንም ሰላም ሳይሉ ጉድጓዱን ዙሪያውን ዞሩት። ግንድ የቀረ እንደሆነ ቀዳዳውን ሁሉ አዩ። ከዚያ ሁለቱ ፊት ቆመው ቋጠሮውን ያዙ።

ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ውሎ ጠጥሯል። አንዷ ሴት ቢላ አቀበለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ እያሉ፣ አንዱን ክር ከሌላው እየለዩ ፈቱት። መሸሻ ኩታውን ሰብስቦ፣ አማቴን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማንም ሹም ለሸክላ ሠሪ እጅ ሲነሣ አላየሁም።

አማቴ የደከመ ትከሻቸውን እያሹ፣ “ግራዝማች” አሉ፣ “እንቢ ብሎ ቢቀር ኖሮስ?”

ግራዝማችን ሳያቸው ዓይናቸው ዕንባ ሞልቷል። እኝህን ሰው ስንት ጊዜ ፈሪ ብያቸዋለሁ!

“ጣሊያን ከገባ ወዲህ ከዚያ ጽድ ሥር ተቀምጬ ስንት ፈረድኩ” አሉ። “ሰው ይሰማኛል፣ ይነሣል፣ ይሄዳል። ሲፈጸም ያየሁት ይኼን ብቻ ነው። እንቢ ቢል ኖሮ፣ ታየች፣ ነገ ወደ ጽዱ አልመለስም ነበር። ዳኛ መሆኔን እኔም ያወቅሁት ዛሬ ነው።”

ሴቶቹ ያን ጊዜ እልል አሉ፤ አብረን እልል አልን፤ ሸማኔው እኔም ሳልቀር። አማቴ ግን አልጮኹም። ግራዝማችን ክንዳቸውን ይዘው ግንዶቹ ተነቅለው ቀዳዳ የበዛበትን መሬት ቀስ አድርገው አሻገሯቸው። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው እጃቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ፤ ርጥበቱን አዩ። ዘወር ብለውም ጠሩኝ።

“ነገ ማለዳ ዶማ ይዘህ ና” አሉኝ። “ለፋሲካ እንደርሳለን።”